በቀኝ በኩል ያለው ኪስ

ባለፈው ሰኞ ከዩኒቨርሲቲው ስልክ ተደወለልኝ። የወንድሜን ፎቶ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ሊሰቅሉት ነው፤ ቅዳሜ በሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ የቤተሰብ ቃል ተናገሩ አሉኝ። ወንድሜ ፈለቀ ከሞተ ገና ሦስት ወሩ ነው። በደርግ ጊዜ እዚሁ ናዝሬት የአውራጃ ዳኛ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ የፌዴራል ዳኛ ሆነ። ጡረታ ሲወጣ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ እስኪሞት ድረስም የዩኒቨርሲቲው የቦርድ አባል ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ያልመጣልኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ምላሴ ይያዛል።

"ሁለት ቃል ብቻ፣ ጋሼ" አለችኝ የደወለችው ልጅ። ስሟ ሰላም ነው። በማግስቱ ቢሮዋ ሄድኩ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ጥቁር ፍሬም ገብቶለት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አየሁት። ወንድሜ ነው፤ ግን አንድ ነገሩ ወንድሜ አይደለም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ማርያም የሳመችው ጥቁር ነጥብ ግራ ጉንጩ ላይ ነበር፤ እዚህ ቀኝ ጉንጩ ላይ ሆኗል።

"ፎቶው ሲመጣም እንዲህ ነበር?" አልኳት።

"አይ፣ ተገልብጦ ነበር" አለች ደስ ብሏት። "የኮታቸው የደረት ኪስ በቀኝ በኩል ነበር የሚታየው። የወንድ ኮት ኪስ ደግሞ በግራ ነው አይደል? አታሚው ነው ያየው። ወዲያው አስተካከለልን።"

ከአርባ ዓመት በላይ ኮት ሰፍቻለሁ። "አዎ፣ በግራ ነው" ብያት ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ አሰብኩ፤ አልተመለስኩም። ፎቶው ስህተት ነው ለማለት ኪሱ ለምን በቀኝ እንደሆነ መናገር አለብኝ። እሱን ለመናገር ደግሞ እኔ ያደረግሁትን መናገር አለብኝ። ያንን ከእኔ ወገን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ሞተዋል። ቅዳሜ መናገር ቢያቅተኝ እንኳ ወረቀቱ ይናገርልኛል ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሱቃችን ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ነበር። አሁን ቦታው ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ሥሩ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ ባጃጅ ተደርድሮ ይጮሃል። ያኔ የነበረው ጋሪ ነው። ፈረሶቹ ቀይ ክር በጆሯቸው ታስሮላቸው፣ ደወላቸው እየጮኸ፣ በስሙኒ ከጣቢያ እስከ ገበያ ያደርሱ ነበር። ከሰዓት በኋላ የናዝሬት ነፋስ ይነሳና አቧራው ሱቅ ውስጥ ይገባል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ላይ ውሃ ያረጠበው አቡጀዲ እንጥላለን። ባቡር ሲመጣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሴቶች ፓፓያ በሳፋ ይዘው ወደ ጣቢያው ይሮጣሉ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ሲጠፋ ደግሞ ሻይ በከረሜላ እንጠጣለን። ከፊት ለፊታችን አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባለቤቱ የፍቅር ካሴት ከፍቶ ይቆይና ካኪ የለበሰ ሰው ብቅ ሲል ፈጥኖ በወታደር ማርሽ ይለውጠዋል። እኛም ከዘፈኑ መለወጥ ማን እንደመጣ እናውቅ ነበር። ካኪ ብዙ ሰፍተናል። ከዚያ በፊት ሱሪው ከታች ሰፊ ነበር፤ ወጣቶቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ በሱሪያቸው መንገድ እየጠረጉ ይሄዱ ነበር። በኋላ ሱሪው ጠበበ፤ ልጆቹም አነሱ። የት ሄዱ አንልም ነበር። ሱሪ አሰፍተው ሳይወስዱ የቀሩ ነበሩ። ጋሽ ሁሴን ሱሪዎቹን በስም በስም አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ማንም አልመጣም።

ጋሽ ሁሴን የሱቁ ባለቤት ነው። ከአርሲ የመጣ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ ጋር እየሰፋ የሚናገር ሽማግሌ ነበር። ማትሪክ ወድቄ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ ወንድሜ ነው እጄን ይዞ እሱ ጋ ያመጣኝ። እናትና አባታችን ቀደም ብለው ነው የሞቱት፤ ጋሼ የምለው ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ዳኛ ሆኖ፣ ወንድሙን ልብስ ሰፊ ቤት ሲያስገባ አላፈረም። "የሰጠኋችሁ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ አትቸኩሉበት" አለው ጋሽ ሁሴንን። ጋሽ ሁሴንም "እዚህ የሚናገረው መቀስ ነው፣ ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፤ ይምጣ" አለ።

በዚያ ዘመን ሱፍ ጨርቅ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ትልቁ ሥራችን ኮት መገልበጥ ነበር። የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ልንገራችሁ። ኮት ሲያረጅ ውጪው ይነጣል፤ ክርኑ ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ግን ገበር ሥር ፀሐይ ሳያየው አዲስ እንደሆነ ይኖራል። ስፌቱን ሁሉ እንፈታዋለን። ከዚያ ጨርቁን ገልብጠን፣ ውስጡን ውጪ አድርገን እንደገና እንሰፋዋለን። በከሰል ካውያ ስንተኩሰው የእርጥብ ሱፍ ሽታ ሱቁን ይሞላዋል። ያ ሽታ ዛሬም ከየትም ቢመጣብኝ ያቆመኛል። ኮቱ አዲስ መስሎ ይወጣል። ግን አንድ ነገር ያጋልጠዋል። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ የደረት ኪሱም ወደ ቀኝ ይዞራል። የቁልፍ ቀዳዳውን በክር ደፍነን በሌላው በኩል እንከፍታለን፤ ኪሱ ግን አስቸጋሪ ነው። ጎበዝ ሰፊ ኪሱን ነቅሎ፣ ጨርቁን ክር በክር ሸምኖ ይደፍነዋል። እኔ እሱን እችል ነበር። በእጄ የምኮራበት ሥራ እሱ ነበር።

ወንድሜ አንድ ቡናማ ኮት ነበረው። ተማሪ ሳለ የገዛው ነው። እኛ ጋ ያኔ ዳኛ በኮቱ ነበር የሚያስችለው፤ እሱም ሰኞም ዓርብም በዚያው ኮት ነው። ክርኑ ሳስቶ ሸሚዙ ይታይ ጀመር። መንገድ ላይ ሰው ተነስቶ "ጌታዬ" ሲለው እኔ የማየው ክርኑን ነው። አዲስ ሱፍ እሰፋለታለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ወፍራም ሰው ጥቅል ጨርቅ በብብቱ ይዞ ገባ። አቶ ለማ ይባላል፤ የመቂ የሽንኩርት ነጋዴ ነው።

"የዳኛው ወንድም አንተ ነህ አሉ" አለኝ።

"አዎ።"

"እጅህ ጥሩ ነው ይባላል። እስቲ ይህን እይልኝ።"

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ግራጫ ሱፍ ነው፤ በቀጭኑ ሰማያዊ ክር ወርዶበታል። በእንደዚያ ያለ ጨርቅ ላይ እጄን ካሳረፍኩ ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ለካሁት። ስድስት ሜትር ተኩል መጣ። "ይህ ለአንድ ሙሉ ልብስ እጥፍ ነው" አልኩት።

"ለእኔ በልኬ ቁረጥልኝ። የተረፈው ቁራጭ ነው። ቁራጭ የማን ነው?"

"የሰፊው" አልኩ። በሙያችን ደንቡ ይኸው ነው። ከቆረጥን በኋላ የምትተርፈው ብጣሽ፣ ለሕፃን ቆብ ለትራስ ልብስ የምትሆነው፣ የሰፊው ናት። ማንም አይጠይቅባትም።

"በቃ!" ብሎ ሳቀ። በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። "ወንድምህ ግን ያንን ቡናማ ኮት ስንት ዓመት ለበሰው? እንዲያ ያለ ሰው እንዲያ ሆኖ ሲሄድ ያሳዝናል።"

ሰውየው ከወጣ በኋላ ጋሽ ሁሴን ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል በኦሮምኛው ጠራኝ። "ያ ግርማ፣ ቁራጭ እጅ ያህላል። ይሄ ሰው ያህላል።"

"ራሱ ሰጠኝ እኮ፣ ጋሽ ሁሴን። ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ። ለምን እንደሰጠህ ግን አልሰማሁም። አንተ ሰማህ?"

"እርስዎ ደግሞ ሱፉ አስቀናዎት መሰለኝ" አልኩት እየሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሥራውን ቀጠለ።

አቶ ለማ ፍርድ ቤት ነገር እንዳለው አላወቅሁም ነበር። ይህ እውነት ነው። ልጠይቅ አልፈለግሁም ብል ግን የበለጠ እውነት ነው። ዓይኔ ያለው የወንድሜ ክርን ላይ ነበር።

የወንድሜን ልክ ለክቼው አላውቅም፤ በዓይኔ አውቀው ነበር። የአቶ ለማን ልብስ በቀን፣ የእሱን ከሥራ በኋላ እየሠራሁ ሁለቱን ጨረስኩ። ለፋሲካ ሰጠሁት። ለበሰና በተሰበረችው መስታወታችን ፊት ቆመ። ልክ ነበር። በሕይወቴ ካወጣኋቸው ልብሶች ሁሉ እንደዚያ የገጠመልኝ የለም።

"ይህን ጨርቅ ከየት አመጣኸው?" አለኝ።

"ቁራጭ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

ምስክር ፊቱ ሲቆም እስከ ሥሩ ድረስ የሚጠይቅ ሰው ነበር። እኔን ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ሳመኝ። "አባታችን ቢያይህ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ሳስታውሰው እንቅልፍ የለኝም።

ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ችሎት ቀን ሱፉን ለብሶ ሲያስችል ላየው ፈለግሁ። ከጋሽ ሁሴን ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበር፤ ነፋሱ ሲመጣ ድምፅ አይሰማም። ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ወንድሜ ገባ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ደረቴ ሞላ፤ ያን ልብስ የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ልጮህ ቃጣኝ።

ተራው የአንዲት ሴት ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ። ባላቸው ሞቷል፤ የባላቸው ወንድም ደግሞ "ሚስቱ አልነበረችም፣ ሠራተኛው ነበረች፤ ቤቱ ለእኔ ይገባል" ብሎ ከሷቸዋል። የጋብቻ ወረቀት የላቸውም። ያላቸው ምስክር የዕድሩ ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። "በዕድሩ መዝገብ ባልና ሚስት ብዬ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ" ብለው ቀደም ባለው ቀጠሮ መስክረዋል። ለዚያ ቀን የተቀጠረው ለፍርድ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሳሹ ሲጠራ ከፊት ወንበር ተነስቶ ቆመ። አቶ ለማ ነው። ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ሰማያዊ ክር ወርዶበታል።

 ከዚያ አንዲት ሴት ከጎኔ "ወይ ጉድ፣ መንታ ሆኑ እኮ!" አለች።

"ከአንድ ጥቅል ነው የተቀደዱት" አለ ሌላው። "እንዲህ ያለ ሱፍ ናዝሬት ውስጥ ከየት ይገኛል?"

የሚስቅም ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ አቶ ለማን አየ። ከዚያ የራሱን እጅጌ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ በሰዎቹ ላይ አልፎ ግድግዳው ጋ እኔን አገኘኝ። 

ወይዘሮ ዘነበች አልጮኹም። ነጠላቸውን ሰበሰቡና በለሆሳስ "ጌታዬ፣ እንግዲህ እኔ ልሂድ?" አሉ።

"አይሂዱ፣ እናቴ" አላቸው። "የሚሄደው እኔ ነኝ።"

ተነሳ። ኮቱን አወለቀ፤ በሥርዓት አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በሸሚዝ ቆሞ ለጸሐፊዋ ነገራት፣ "ጻፊ። ዳኛው ከከሳሹ ጋር ከአንድ ጨርቅ ለብሶ ስለተገኘ ከዚህ ነገር ተነስቷል። መዝገቡ ወደ ሌላ ችሎት ይዛወር።" የእኔን ስም አላስጻፈም።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ልብሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቅ መጣ። ሱሪውንም ቤት ገብቶ ቀይሯል። ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

"ጋሼ፣ አላወቅሁም" አልኩ። ምላሴ ተያዘ፤ ያችን አንዲት ቃል ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀሁ አላውቅም።

"ጨርቁ ያን ያህል ሲተርፍህ አልጠየቅህም?"

ጥቅሉን ወደ ራሴ ሳብኩት።

"ግርማ፣ ሌላው ሁሉ ይሳቅ። ሴትዮዋ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ምን እንደሆንኩ አየሁ።"

ወጣ። ጋሽ ሁሴን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ነጋዴው ሁለቱንም በር ነው የዘጋው" አለ። "ወንድምህ ቢቀመጥ ዳኛው የእሱ ነው። ቢነሳ ሴትዮዋ ዳኛ አጣች።"

እንዳለውም ሆነ። ልብሱን መቂ ድረስ ወስጄ ለሰውየው መለስኩለት፤ እየሳቀ ተቀበለኝ። መዝገቡ ለሌላ ዳኛ ሄደ፤ አዲሱ ዳኛ ምስክር እንደገና ልስማ አሉ። ቀጠሮው እስኪደርስ የዕድሩ ጸሐፊ ሞቱ። ክረምቱ ሲገባ ወይዘሮ ዘነበች ተረቱ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የነበረውን ቤታቸውን ለቀው ሲወጡ አላየሁም። አልጋና አንድ ሣጥን በጋሪ ጭነው ወደ መቂ፣ እህታቸው ጋ ሄዱ አሉኝ። ወንድሜ ስለዚህ አንድ ቃል ሳይናገር አብረን በላን፣ አብረን አንድ ቤት አደርን። ቡናማውን ኮት መልሶ ለበሰው። ክርኑ ሲቀደድ ግን ወደ እኔ አላመጣውም። ገበያው ጋ ለሚቀመጥ ሌላ ሰፊ ሰጠ። በሱቃችን በር ላይ ሲያልፍ ክርኑ ላይ የተለጠፈውን እራፊ አየሁት፤ ስፌቱ ጠማማ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ኮቱን በእጁ ይዞ ገባ። ጸጸቴን አይቶ ይሁን፣ ጊዜው ደርሶ ይሁን አላውቅም።

"አካም ቡልቴ፣ ጌታው" አለው ጋሽ ሁሴን። "ወዲህ በል፣ እኔ ልየው።"

"የለም፣ እሱ ይሥራው" አለና ኮቱን ፊቴ አኖረው። "ገልብጥልኝ።"

አምስት ቀን ፈታሁ፣ አምስት ቀን ሰፋሁ፤ የክርኑን ቀዳዳ ክር በክር ሸምኜ ደፈንኩት። ውስጡ ወጥቶ ሳየው ቀለሙ እንደ አዲስ የተቆላ ገብስ ነበር። ሊለካ ሲመጣ ኪሱን ገና አልደፈንኩትም ነበር። "ይህን ነገ በክር እሸምነውና ወደ ግራ አዞረዋለሁ፤ ማንም አያውቅም" አልኩት።

"ተወው" አለኝ።

"ጋሼ፣ ሰው ይስቅብዎታል። የተገለበጠ መሆኑ ይታወቃል።"

"ይታወቅ። ዳኛው አዲስ ልብስ እንደሌለው ያየ ሰው አይከፋውም።" ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ነው። "ሥራህ ጥሩ ነው" አለ።  ያኔውኑ በዚያ ኮት፣ የዘንባባ ዛፍ ሥዕል ከኋላው በተሰቀለበት ፎቶ ቤት ገብቶ ተነሳ። ዩኒቨርሲቲው ያለው ፎቶ ያ ነው።

ኮቱን ለብሶ ብዙ ፈረደ። በዚያ ዘመን መፍረድ ምን እንደነበረ እኔ አላወራም፤ ካኪ የለበሱ ሰዎች ቢሮው ገብተው ሲወጡ፣ ማታ እራት ሳይበላ ሲቀር አይቻለሁ። አንዳንዴ "ዛሬ ያቃተኝ ነበር" ይላል። ያን ብቻ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው ተጠየቀ። በእሱ ላይ ለመናገር የመጣ አልነበረም። አዲስ አበባ ሲሄድ ኮቱን ሣጥን ውስጥ አድርጎ ወሰደው።

በኋላ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ለሥራ መቂ ወርጄ ነበር። መንገድ ዳር ቲማቲም በሳጥን ደርድረው መኪና የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ትኩር ብለው አዩኝ።

"አንተ የዳኛው ወንድም አይደለህም? ልብስ ሰፊው?"

ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል።

"ነኝ፣ እማማ።"

"ወንድምህ ደህና ነው? ጥሩ ሰው ነበር። እናቴ አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት።" ቲማቲሙን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩ። "ለምን እንደተወኝ ግን አልገባኝም። ጨርቁ ከሆነ፣ አውልቆ አስቀመጠው እኮ። ማውለቁን አየሁ። ከዚያ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?"

ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ። ጨርቁን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አያውቅም ነበር ማለት። አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ተያዘ። እሳቸው ሥቃዬን አይተው "በቃ ልጄ፣ አትጨነቅ፤ አልፏል" አሉና ቲማቲም በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። እንቢ ብል አልሰማ አሉ። ቤቴ አላደረስኩትም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለነበረች ሴት ሰጠኋት።

ለወንድሜ ነገርኩት። "ነገርካቸው?" አለኝ።

"አልቻልኩም።"

 "እኔም ሁለት ጊዜ መቂ ወርጄ ሳልነግራቸው ተመልሻለሁ" አለ። "ሕጉ ተነሳ ይለኛል፤ ተነሳሁ። ብቀመጥ እፈርድላቸው ነበር። ግን ማን ያምነው ነበር ያንን ፍርድ?" ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። "አያምኑትም ብዬ ነው የተነሳሁት፣ ወይስ እንዳያሙኝ?"

ወይዘሮ ዘነበች በዓመቱ ሞቱ። ጋሽ ሁሴን ከእሳቸው በፊት አልፏል። አሁን ደግሞ ወንድሜ።

ትናንት ኮቱን ከወንድሜ ሣጥን አውጥቼ ሰላም ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። መናገር ስጀምር እንደ ሁልጊዜው ተያዝኩ፤ እሷ አልቸኮለችብኝም። ኪሱን አሳየኋት። ገበሩን ገልጬ ውስጥ የተደበቀውን ያረጀ ፊት፣ የሚያብለጨልጨውን ክርን አሳየኋት። ጨርቁንም፣ ችሎቱንም፣ መቂንም ነገርኳት። ስጨርስ ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ይህን ፎቶ የሰጡን እሳቸው ራሳቸው ናቸው" አለችኝ። "ለቦርዱ ፋይል ፎቶ ስንጠይቃቸው። አዲስ ፎቶ ይሻላል፣ ይሄ የድሮ ነው ብያቸው ነበር። 'ይሄ ይሁን፣ ኮቱን የሰፋው ወንድሜ ነው' አሉኝ።"

ሌላ ነገር ብለው እንደሆን ጠየቅኋት። አላሉም። ያንን ቃል ይዤ በእግሬ ቤቴ ሄድኩ፤ ባጃጅ ሲጠራኝ አልሰማሁም። ይቅርታ ይሁን፣ ኩራት ይሁን፣ ወይም እንዳልረሳ ያስቀመጠው ይሁን አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ፎቶው እንደገና እየታተመ ነው። ጥቁሩ ነጥብ ግራ ጉንጩ ላይ፣ ኪሱ ቀኝ ደረቱ ላይ ይሆናል። ቅዳሜ ስቆም ከእሱ ስም በፊት የወይዘሮ ዘነበችን ስም እላለሁ፤ ምላሴ ቢያዝም እስኪወጣ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ በዚያ በር ሲገቡ ሲወጡ ያዩታል። አንዱ ቆም ብሎ "ይሄ ፎቶ ተገልብጧል እንዴ? ኪሱ ለምን በቀኝ ሆነ?" ይል ይሆናል።

ይጠይቅ። እኔ ያኔ አልጠየቅሁም።